መግል የሌለው ቁስል

ለተከበሩ እትዬ፣

ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ እርስዎም እማማም በደህና ውላችሁ በደህና ያደራችሁ እንድትሆኑ እመኛለሁ። የእማማ ጉልበት እንዴት ሆነ? ጋሼ የላኩላት ቅባት ረድቷታል ወይስ እንደ ፊተኛው ሽታውን ጠልታ ከአልጋው ሥር ደበቀችው? የግቢያችን በር አሁንም ሲከፈት ያቃስታል? ጎረቤታችን ዳቦ ጋጋሪዋስ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። ይህን የምለው ለወጉ ያህል አይደለም፤ ከእንግዲህ የእኔ ጤና የእኔ ብቻ ስላልሆነ በትክክል እንዲያውቁት ነው። ሳል የለብኝም፣ ትኩሳት የለብኝም፣ እንቅልፌ ግን ያው እንደሚያውቁት ነው።

ልጅዎም አለ። «አለ» የሚለው ቃል ብዙ እንደማይነግርዎት ስለማውቅ ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ እጽፋለሁ።

ጋሼ የእኔን የደም ምርመራ ውጤት በስልክ ከነገሩዎት ወዲህ ስልክዎ ይጠራል እንጂ አይነሳም። መጀመሪያ ኔትወርክ ነው ብዬ ራሴን አባብዬ ነበር። ኋላ ግን ዳቦ ጋጋሪዋ ሲደውሉ እንደሚያነሱ ሰማሁ። አልተቀየምኩም። እንዲያውም ለእኔ ወረቀት ይሻለኛል፤ ስልክ ላይ አፌ ይያዝና መናገር የማልፈልገውን ተናግሬ የምፈልገውን ውጬው እቀራለሁ። የእኛ ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ላይ ቢያበቃም፣ ደብዳቤ አጻጻፍ ያስተማሩን መምህር «የተጻፈ ነገር አይቸኩልም» ይሉን ነበር። ስለዚህ ሳልቸኩል እጽፋለሁ። ወረቀቱን የጋሼ የሥራ ባልደረባ የሆነው ሾፌር ያደርስልኛል። ብቻዎን ሲሆኑ ያንብቡት።

ልጅዎ የተኛበት ክፍል ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ስድስት አልጋ አለው፤ የእሱ መስኮቱ ሥር ያለው ነው። ነርሶቹ «አለቃ» የሚል ስም አውጥተውለታል፤ ምክንያቱም ማዘዝ ይወዳል። መጋረጃ ያስከፍታል፣ ያዘጋል፤ የጽዳት ሠራተኛዋን ሳይቀር «እዚያ ጋ ቀርቷል» ይላታል። እሷም «እሺ አለቃ፣ ደመወዜን ጨምርልኝና እደግመዋለሁ» ትለዋለች። ይህን የምነግርዎ ደስ እንዲልዎት ነው። ደስ የማይለው ደግሞ ቅልጥሙ ላይ ያለው ቁስል ነው። ከብስክሌት ሲወድቅ የተጫረችው ያቺ ትንሽ ቦታ አሁን የእኔን መዳፍ ታክላለች፤ ዳርና ዳሯ ጠቁሯል። ድዱም ወደ ኋላ ሸሽቶ ጥርሶቹ ረዝመው ይታያሉ። ሲስቅ አፉን በእጁ መሸፈን ለምዷል።

እትዬ፣ ሁላችንም የተሳሳትነው አንድ ቦታ ላይ ነው። ያስታውሱ እንደሆነ ልጁ የወደቀ ሰሞን በስልክ «ቁስሉ ንጹሕ ነው፤ መግል የሚባል የለውም» አሉኝ፤ እኔም «ተመስገን» አልኩ። ጋሼም ልጃቸውን ይዘው እዚህ ሲመጡ ለሐኪሟ ይህንኑ ነገር እንደ ምሥራች ነገሯቸው። ሐኪሟ ግን ብዕራቸውን አስቀምጠው «ምንም? ጭራሽ?» ብለው ጠየቁ። ጋሼ «ጭራሽ፤ እናቱ በጣም ንጹሕ ናት» አሉ። ሐኪሟ ስለ ንጽሕና ምንም ሳይናገሩ «እትብቱ የወደቀው መቼ ነው?» አሉ።

እኔ በልቤ፣ ጋሼ ስለ እግር ሲያወሩ ሴትዮዋ ስለ እምብርት ይጠይቃሉ፣ ምን ዓይነት ሆስፒታል ነው የገባነው ብዬ ነበር። ጋሼ ግን ትንሽ አሰቡና እንደቆየ፣ ወር አልፎት እንደነበር፣ ከእሱ በፊት ያረፈችው ሕፃንም እንዲሁ እንደነበረች ተናገሩ። አዋላጇ «ይህ ልጅ ከእናቱ መላቀቅ አልፈለገም» ብለው ያሳቁን ነገር ትዝ ብሏቸው እሱንም ጨመሩ። ሐኪሟ አልሳቁም። ደም እንዲወሰድ አዘዙ።

ውጤቱ ሲመጣ ለልጁ ራሱ ነው ያስረዱት፤ እኛ ከጎን ሆነን ሰማን። ከኪሳቸው የላስቲክ ጓንት አውጥተው ነፉና ቋጠሩት። «ይህ ነጭ የደም ሕዋስ ነው፤ የሰውነት ዘበኛ ማለት ነው። በደም ሥር ውስጥ ሲዞር ይውላል። አንድ ቦታ ቁስል ሲኖር በደም ሥሩ ግድግዳ ላይ እየተንከባለለ ይመጣና ግድግዳውን በእጁ ጨብጦ ይቆማል፤ ከዚያ ሾልኮ ወጥቶ ከተውሳኩ ጋር ይዋጋል» አሉት። ጓንቱን በግድግዳው ላይ አንከባለሉና ጣቶቹን አስደግፈው አቆሙት። ቀጥለው ሌላ ጓንት ነፉ፤ ጣቶቹን ግን ወደ ውስጥ ከተቱ። ያም ተንከባለለ፣ ግድግዳውን ዳበሰ፣ አልቆመም፤ ወለሉ ላይ ወደቀ። «የአንተ ዘበኞች እንዲህ ናቸው። ብዙ ናቸው፤ እንዲያውም ከሌላ ልጅ ይበዛሉ። ቁስሉ ሲጠራቸውም ይሰማሉ። ግን መጨበጫ እጅ ስለሌላቸው አልፈውት ይሄዳሉ።» ከዚያ ወደ እኛ ዞረው፣ እነዚያን እጆች በመጽሐፍ ቋንቋ የመያያዣ ተቀባዮች እንደሚሏቸው፣ መግል የምንለውም ሌላ ሳይሆን ቁስሉ ላይ ተዋግተው የሞቱት ዘበኞች ሬሳ እንደሆነ ነገሩን። «መግል የሌለው ቁስል ንጹሕ ቁስል አይደለም። ማንም ሊሞትለት ያልመጣ ቁስል ነው» አሉ።

ጋሼ የመኪናቸውን ቁልፍ ጣታቸው ላይ ማሽከርከር አቆሙ።

እኔ ዝም ብል ይሻል ነበር፤ ነገር ግን ሲጨንቀኝ አልችልም። የጫማ ፋብሪካ ሠራተኛ እንደሆንኩ፣ ሥራዬም ሶል ማጣበቅ እንደሆነ ተናግሬ፣ «ታዲያ የጎደለው ማስቲሽ ነው ማለት ነው?» አልኳቸው። እኛ ጋ ማስቲሹ ሶሉም ላይ የጫማው ገላም ላይ ካልተቀባ፣ አንዱን ብቻ ቀብተው ቢጫኑት ሳምንት ሳይሞላው አፉን እንደሚከፍት አስረዳኋቸው። ፈገግ ብለው፣ ስለ ሁለቱ ወገን ልክ እንደሆንኩ፣ ግድግዳውም የራሱ መያዣ እንዳለው፣ ስለ ማስቲሹ ግን እንደተሳሳትኩ ነገሩኝ። «ማስቲሽ ከያዘ አይለቅም። ይህ እጅ ነው፤ ተጨብጦ ይኖርና ሲጠሩት ይዘረጋል፣ ይይዛል፣ በጊዜው ደግሞ ይለቃል። መያዝ ብቻ ጤና አይደለም፤ መልቀቅ ብቻም አይደለም» አሉ። ከጎረቤቶቹ እጁን አላቅቆ የሚኮበልል ሕዋስ ካንሰርን ከቦታ ቦታ እንደሚያደርስ፣ ያለ ቦታቸው ተያይዘው የሚቆለሉ ደግሞ የልብን መንገድ እንደሚዘጉ ጨመሩልን። አለቃ ይህን ሁሉ አልሰማም። የወደቀውን ጓንት አንስቶ ጣቶቹን አንድ በአንድ ለማውጣት ይታገል ነበር።

እዚያው ኮሪደር ላይ፣ ጉሉኮስ የሚሰጥበት ወንበር ላይ የሚቀመጡ አንዲት ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ አሉ፤ ልጁ «እመት መርፌ» ይላቸዋል። የእሳቸው በሽታ የልጁ ግልባጭ ነው። ዘበኞቹ አንጀታቸውን ያለ ጥፋቱ እየያዙ ያቆስሉባቸዋል፤ ስለዚህ የሚንጠባጠብላቸው መድኃኒት እነዚያኑ እጆች የሚያስር ነው። የልጁን ነገር ሲሰሙ ሳቃቸውን አልቻሉትም። «እኔ እጅ በዝቶብኝ አንጀቴ በገነ፤ አንተ ደግሞ ደምህ እንኳ እንደ እኛ እንደ ድሆቹ እጅ አጥሮታል። ምናለ አንድ ላይ በጥብጠው ለሁለት ቢያካፍሉን!» አሉት። አለቃም በቁም ነገር «ነገ ሐኪሟን አዝዛታለሁ» አላቸው። እኔ ዞር ብዬ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እመጣለሁ።

ዘበኞቹ የሚፈለፈሉት አጥንት ውስጥ፣ መቅኔው ውስጥ ነው። የእሱ መቅኔ እጅ የሌላቸውን ይፈለፍላል፤ ዕድሜ ልኩንም ይፈለፍላል። መዳኛው በሌላ ሰው መቅኔ መተካት ነው። የሚሰጠው ሰው ሥጋ ግን ከልጁ ሥጋ ጋር መግጠም አለበት፤ ካልገጠመ እንግዳው መቅኔ የገባበትን ቤት እንደ ጠላት ቤት ያጠቃዋል። አባትና እናት ግማሽ በግማሽ ብቻ ስለሚገጥሙ ሐኪሟ እነሱን ለመጨረሻ አቆይተው «ወንድም ወይም እህት አለው?» ብለው ጠየቁ። ጋሼ «አንዲት ነበረች፤ አርፋለች» አሉ። ስለዚህ ዘመድ ሁሉ ይሞከር ተባለ። የጋሼ እህት ልጆች መጡ፤ አልገጠሙም።

ተራው የእኔ ሲሆን ነው እርስዎ ስለ እኔ በስልክ «እሱን ተዉት፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ደካማ ነው፤ አጥንቱን አትንኩብኝ» ያሉት። ጋሼ ስልኩን ድምፁ ለሁላችን እንዲሰማ አድርገውት ስለነበር ሰማሁ። እውነቱን ልንገርዎትና ደስ አለኝ። እዚህ ከተማ «አትንኩብኝ» የሚለኝ ሰው የለም። የእኛ ክፍል ፎርማን እንኳ፣ ማስቲሹ ራሴን ሲያዞረኝ፣ «ሰካራም፣ ደጅ ውጣና አየር ተቀበል» ነው የሚለኝ። ነገር ግን ደስታዬ አልቆየም። ልጁ ትኩሳት ያዘው። መድኃኒት ሲቀያየርለት ሰነበተ፤ አንዱ ያበርደዋል፣ ሌላው ያስመልሰዋል። አንድ ቀን ከሥራ መልስ ስገባ አላዘዘኝም። መጋረጃው ተከፍቶ ፀሐይ ዓይኑ ላይ አርፋ ነበር፤ ዝጉት አላለም።

በማግስቱ ከፈረቃዬ በፊት ወደ ደም መስጫው ክፍል ብቻዬን ገባሁ። ትእዛዝዎን መተላለፌ ነው፤ ይቅርታ አልጠይቅም። መርፌ እንደምፈራ ያውቃሉ። ክንዴ እየሸሸ ሲያስቸግራት ነርሷ «ክንድህን ስጠኝ ነው ያልኩህ እንጂ ነፍስህን አላልኩም» አለችኝ። የመጣሁት ለማን እንደሆነ ስነግራት ደግሞ፣ የአጎት ብዙ ጊዜ አይገጥምም፣ ብዙ ተስፋ አታድርግ ብላ አዘነችልኝ።

ውጤቱን የሰማነው በሐኪሟ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። የሚያንጠባጥብ የእጅ መታጠቢያ፣ ስፖንጁ የወጣ ወንበር፣ ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ የዳሌ አጥንት አለ። ነርሷ እየሮጠች ገብታ ነው የተናገረችው። ገጠመ፣ ግማሽ አይደለም፣ ሙሉ በሙሉ ገጠመ አለች። «በሥራ ዘመኔ ይህን ያየሁት በአንድ እናትና በአንድ አባት ልጆች ላይ ብቻ ነው። አጎት! አንተ ሰው፣ ዛሬውኑ ሎተሪ ቁረጥ!» አለችኝ። እኔም እንደ ሞኝ ሎተሪ ቆርጬ እንደማላውቅ መለስኩላት። ሐኪሟ ወረቀቱን አዩ፤ እኔን አዩ፤ ጋሼን አዩ። ከዚያ ወረቀቱን ዘቅዝቀው አስቀመጡና «ዋናው ነገር መግጠሙ ነው። ከዚህ ክፍል የሚወጣው ይህ ብቻ ነው» አሉ። ነርሷም አንገቷን ደፍታ ወጣች።

ጋሼ ተነሥተው «የመኪናውን በር አልቆለፍኩትም» ብለው ሄዱ።

ስለዚህ ጉዳይ በትክክል ልጽፍልዎ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ስልክ የማያነሱት በእኔ ምክንያት ብቻ አይመስለኝም። ጋሼ አልጮኹም። ግቢው ውስጥ መኪናቸውን ተደግፈው ቆመው አገኘኋቸው፤ ፊታቸውን ታጥበው ነበር፤ የሸሚዛቸው አንገት ርሷል። ስለ ወጣትነታቸው አወሩኝ። የጭነት መኪና ረዳት ሆነው በእኛ መንገድ ሲመላለሱ፣ ከእኛ ቤት ፊት ለፊት ካለው ቧንቧ ውሃ ይቀዱ እንደነበር ነገሩኝ። ኋላ አሠሪያቸው ወደ ሌላ መስመር እንዳዛወሯቸው፣ ተመልሰው እስኪያገቡዎት ድረስ ብዙ ዓመት እንዳለፈ፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ ማንም ምንም የነገራቸው እንዳልነበረ አወሩ። «ብጠይቅ ኖሮ ይነገረኝ ነበር፤ አልጠየቅኩም» አሉ። እኔ ስለ ምን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። ከዚያ እጃቸውን ማጅራቴ ላይ አሳረፉ፤ ለማንሣትም ዘገዩ። መጨረሻ ላይ «ከስተሃል። ምሳ በልተሃል?» አሉኝ። አለመብላቴን ስነግራቸው እንደ መቆጣት አሉ።

ከዚያን ቀን ወዲህ «ልጄ» ይሉኛል። ሾፌር ሁሉንም ሰው ልጄ ይላል፤ የነዳጅ ቀጂውንም ልጄ ነው የሚሉት። ስለዚህ ምንም ማለት ላይሆን ይችላል። እንድጽፍልዎ ያሉኝ ግን ይህንን ነው፦ «የሆነው ሆኗል። ቂም የለኝም። ትምጣ።» ቃሉ የእሳቸው ነው፤ እኔ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።

ፋብሪካችን ውስጥ የቆዳ ቆራጩ ከሁሉ የበለጠ ይከበራል። ቀኝና ግራ ጫማ ከአንድ ቆዳ እንዲቆረጥ የሚጠነቀቀው እሱ ነው። ከሁለት ቆዳ የተቆረጠ ጫማ ሱቅ ላይ አይታወቅም፤ ቀለም ይሸፍነዋል። ሲደረግ ግን፣ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅበት፣ አንዱ ይደበዝዛል አንዱ ይቀራል። ከአንድ ቆዳ የተቆረጠ ከሆነ ግን አንዱን ቀኝ፣ አንዱን ግራ፣ አንዱን በዚህ ከተማ፣ አንዱን በዚያ ከተማ ቢያስቀምጡት አንድ ዓይነት ያረጃል። ውጤቱን የሰማሁ ቀን ሥራ ገብቼ ጫማ ሳጣምር ዋልኩ። ፎርማኑ «ምን ሆነሃል፣ ጫማ ነው ወይስ ሙሽራ የምታየው?» አለኝ። ምንም አልሆንኩም አልኩት።

ትንንሽ ነገሮች ትዝ ይሉኝ ጀመር። ሐኪሟ ስለ እትብት በጠየቁ ጊዜ፣ እኔም ጤነኛ መሆኔን ለማወቅ ብዬ፣ በስልክ እማማን የእኔ መቼ እንደወደቀ ጠይቄያት ነበር። እማማ «እኔን ምን አውቄ» ብላ ሳትጨርስ፣ እርስዎ ከኋላ «ሳምንትም አልሞላው፤ ጧት ሳጥበው እጄ ላይ ነው የቀረው» አሉ። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። ያን ዕለት ያሰብኩት ስለ እትብቱ ብቻ ነበር፤ ጤነኛ ነኝ ብዬ ተጽናናሁ።

ሌላም አለ። አምስት ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ እርስዎ በር ላይ ተቀምጠው ፀጉርዎን ሲያበጥሩ፣ እንደ ሰፈሩ ልጆች «አንቺ፣ ነይ ተጫወቺ» አልኩዎት። እማማ ከጓዳ ወጥታ አፌን በመዳፏ መታ አደረገችና «እርስዎ በል! ታላቅህ ናት» አለችኝ። እርስዎ ማበጠሪያውን ጥለው ወደ ውስጥ ገቡ። ነፍሱን ይማረውና ታላቅ ወንድማችንን አንተ እያልኩ ስጠራው ግን ማንም አፌን አልመታኝም። ልጅ ሆኜ ይህ አይገርመኝም ነበር። እኛ ቤት የሚያስገርም ነገር አልነበረም፤ ጠብ የለም፣ ጩኸት የለም፣ ሁሉ ነገር ንጹሕ ነው። ስለዚያ ንጽሕና ሐኪሟ ምን ይሉ እንደነበር አላውቅም።

አለቃ በቀደም ለታ ትኩሳቱ በረድ ሲልለት፣ ኮሪደሩ ላይ ወጥተን ስለ እርስዎ ሳወራው አቋረጠኝና «ለምንድን ነው እናቴን እርስዎ የምትላት? ሐኪም ናት እንዴ?» አለኝ። ታላቄ ስለሆኑ ነው አልኩት። «እኔስ ታናሿ አይደለሁ? እኔ አንቺ ነው የምላት። አትቆጣም» አለኝ። እመት መርፌ ከወንበራቸው ሆነው «መልስለት እንጂ፤ አለቃ ጠይቆህ ዝም ትላለህ?» ብለው ሳቁ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ጉሉኮሳቸውን ቀና አደረግሁላቸው።

አሁን የሚቀረውን ይስሙኝ። ሥራው እንዲህ ነው። ልጁ መጀመሪያ ኃይለኛ መድኃኒት ይወስዳል፤ የራሱን መቅኔ ጠራርጎ ያጠፋዋል። ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ መመለስ የለም። እኔን አስተኝተው ከዳሌ አጥንቴ መቅኔ ይቀዳሉ፤ ለእሱ በደም ሥሩ ያንጠባጥቡለታል። መቅኔው ቤቱን ራሱ ፈልጎ ያገኛል ብለውናል፤ አጥንቱ ጋ ሲደርስ የሚይዘውም በእነዚያው ዓይነት እጆች ነው። እኔ ታምሜ ብሰነብት የወገብ ሕመም ነው፤ ያልፋል። ደካማ ነው ያሉት ልጅ አሁን የሶል ካርቶን በትከሻው ተሸክሞ ደረጃ ይወጣል።

ልጁ ግን የሚተኛው በመስታወት በተከለለ ክፍል ውስጥ ነው፤ አዲሶቹ ዘበኞች እስኪበረክቱ ድረስ ጉንፋን እንኳ ሊገድለው ይችላል። አብሮት የሚገባው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የገባም እንዳሻው አይወጣም። ጋሼ ያ የቆየ ሳላቸው ስላለ አይፈቀድላቸውም። እኔ በሌላ አልጋ ላይ ነኝ። ሐኪሟም ያለ እናቱ አልጀምርም ብለዋል፤ የማይበላና የሚያለቅስ ልጅ ያንን መድኃኒት አይችለውም አሉ። በሌላ በኩል ቁስሉ አይጠብቅም። ወደ አጥንቱ እየቀረበ ነው፤ አጥንቱ ከገባ እግሩን፣ ከዚያም አልፎ እሱን ልናጣው እንችላለን። ክፍሉ ተይዞለታል፤ እኔ ተዘጋጅቻለሁ። የሚጠበቀው እርስዎ ብቻ ነዎት።

እማማን ለማን ጥዬ የሚሉትን አውቃለሁ። ዳቦ ጋጋሪዋ ከእማማ ጋር ለማደር ፈቅደዋል፤ ጋሼ ደውለው ጠይቀዋቸዋል። ይህን ወረቀት ያመጣው ሾፌር ጭነቱን አራግፎ ሲመለስ ይዞዎት ይመጣል፤ የፊቱ ወንበር የእርስዎ ነው። ወፍራም ልብስ ይያዙ፤ ክፍሉ ይቀዘቅዛል። ለልጁ ምንም አያምጡ፤ ከውጭ የመጣ ነገር አይገባለትም።

አሁን ከዚህ በታች ያለውን በሌላ አጻጻፍ እጽፋለሁ። የአራተኛ ክፍል ተማሪ ስሕተት እንዳይመስልዎት፤ አስቤበት ነው።

ነይ። ማንም ምንም አይጠይቅሽም። ሐኪሟ ወረቀቱን ዘቅዝቀውታል፤ ጋሼ ቃላቸውን ልከዋል፤ እኔም የምጠይቅሽ ነገር የለኝም። አንድ ቀን፣ እሱ ድኖ ብስክሌቱ ላይ ሲወጣ፣ ልትነግሪኝ የፈለግሽው ነገር ቢኖር እሰማለሁ፤ ባይኖርም ቅር አይለኝም። በር ላይ ስትደርሺ አለቃ እንደተለመደው ያዝዝሻል፤ እሺ በይው። እኔን ከመስታወቱ ውጭ ታገኚኛለሽ።

ፈጣሪ መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ከመኪናው ስትወርጂ እጅሽን የምይዘው እኔ ልሁን። ሁለታችንም እንጠብቅሻለን።

የልጅሽ ወንድም